በ90 የተፈረመው ወረቀት

«ና እስቲ፤ የመንግሥት ወረቀት መጥቶብኛል» አሉኝ እትዬ በስልክ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝግ ብሏል። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የእሳቸው ቤት ከእኔ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይገኛል። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይጠሩኛል፣ ቡና ይፈላል፣ እያነበብኩ እተረጉምላቸዋለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተረጎምኩት የመብራት፣ የስልክና የኢንሹራንስ ወረቀት ነበር። ይኸኛው ከኢሚግሬሽን ነው።

እትዬ ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደው ትዳር መሥርተዋል። ባለቤታቸውን ለማምጣት ማመልከቻ አስገብተው በትዕግሥት ሲጠብቁ ቆይተዋል። ደብዳቤው የሚለው ይህን ነው፦ ከዚህ በፊት የነበረዎት ትዳር በሕግ መፍረሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላያያዙም፤ በ84 ቀን ውስጥ ይላኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

«ፍቺው መቼ ነበር?» አልኳቸው።

«በ90።»

«ወረቀቱስ?»

«ምን ወረቀት? ሰውየው መጥቶ አለቀ አለኝ። እኔም አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።»

ማመልከቻውን የሞላላቸው ሰው በፍቺው ቀን ሳጥን ውስጥ 1990 ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ለጋብቻው ደግሞ «በ86» ስላሉት 1986 ብሎ ሞልቷል። እኔም ቅጂውን አይቼ ምንም አልጠረጠርኩም። ቁጥሮቹ ተከታትለው የመጡ፣ እርስ በርስ የሚስማሙ ነበሩ። ያንን ስህተት በጊዜ ባለማየቴ ሁለት ሳምንት አጥተናል፤ በ84 ቀን ውስጥ ሁለት ሳምንት ቀላል አይደለም።

የተጋቡት ዋሽንግተን ዲሲ ስለነበር ፍለጋውን የጀመርነው ከዲሲ ፍርድ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱ ስማቸውን ተቀብሎ ከ1989 እስከ 1991 ያለውን አየ። የፍቺ መዝገብ የለም። «እንግዲያውስ ጋብቻውን ይፈልጉልን» ብዬ 1986 አልኩ። እሱም የለም። እትዬ እንግሊዝኛውን በከፊል ይሰማሉ፤ «የለም» የሚለውን ግን በደንብ ሰምተዋል። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመው፣ «እኔ እንግዲህ ያላገባሁም ያልፈታሁም ሆንኩ ማለት ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

መልሱ የመጣው ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ፍቺውን የሰሙበትን ቀን እንዲያስታውሱልኝ ጠየቅኳቸው። የቀድሞ ባላቸው የመጣው ማታ ነበር። እሳቸው ስልክ ይዘው ቆመው ነበር፤ ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ደውሎ የኤርትራው ሻዕቢያ ባድመ መግባቱን እየነገራቸው። የወንድማቸው ልጅ ወታደር ነበርና እያለቀሱ ሲያወሩ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ «የኛ ነገር አለቀ፤ ዳኛው ፈርሟል» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሐዘኖች አንድ ላይ ነው የሚታወሷቸው።

መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ባድመ የተያዘችው ግንቦት 1990 ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 1998። እትዬ ደርግ ሲወድቅ አዲስ አበባ ነበሩ፤ በ1986 እንዴት አድርገው ዲሲ ሊዳሩ ይችላሉ? ያሉት ሁሉ ትክክል ነበር። በራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነገሩን፣ እኛ በሌላ ቆጠርነው። ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ያህል አርቀን የተሳሳተ ዘመን ውስጥ ስንቆፍር ከርመናል።

በማግስቱ ተመልሰን ሄድን። «በ86 ጥቅምት» ማለት ኦክቶበር 1993 ነው ብዬ ሳስፈልግ ጋብቻው ወዲያው ወጣ። እትዬ የሰርጋቸውን ቀን በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ሲያዩት ፈገግ አሉ። ፍቺው ግን አሁንም የለም። የመዝገብ ቤቱ ሰው ወረቀቱን እየመለሰልን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ሲለያዩ የሚኖሩት የት ነበር?»

ያን ቀን የገባኝን ነገር ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ስለሚመስለኝ እዚህ ላይ ልቆይበት። አሜሪካ ውስጥ ፍቺ የሚፈጸመው የተጋቡበት ቦታ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዳቸው በሚኖሩበት ስቴት፣ ነዋሪ በሆኑበት አካባቢ ባለ ፍርድ ቤት ነው። ፍቺ የሚወስነውም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሳይሆን የስቴቱ ነው፤ መዝገቡንም በአብዛኛው የሚይዘው የየካውንቲው መዝገብ ቤት ነው። አገሪቱ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሏት። የሁሉንም ፍቺ የያዘ አንድ ማዕከላዊ ቋት የለም። ዲሲ ራሷ ካውንቲ የላትም፤ አንድ ፍርድ ቤት ሁሉንም ይሠራል። ሜሪላንድ 23 ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ ስላሏት 24 ሰርኪት ኮርቶች አሏት። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ ተፋትቻለሁ» ማለት ለመዝገብ ቤት ሰው ምንም አይነግረውም። የሚነግረው የትኛው ካውንቲ እንደሆነ ብቻ ነው።

«አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» አሉ እትዬ። ጥርጥር አልነበራቸውም። የድሮ አድራሻቸውን እስከ አፓርታማው ቁጥር ድረስ በቃላቸው ያውቁታል፤ ለአራት ዓመት ከአገር ቤት ደብዳቤ የተቀበሉበት ነው።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ቨርጂኒያ የሰርኪት ኮርቶቿን ጉዳይ በስም መፈለጊያ የሚሆን ነፃ ገጽ አላት። የፍርድ ቤቱን ስም ይመርጣሉ፣ የሰውየውን ስም ያስገባሉ። በዝርዝሩ ላይ አሌክሳንድሪያን ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ቅርብ ነው ብዬ አርሊንግተንን መረጥኩ፣ ስሙን አስገባሁ፣ ባዶ ገጽ። ፕሪንስ ዊሊያምን ሞከርኩ፣ ባዶ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ባዶ ገጽ ስመለከት ቆየሁ። እኔ በፈለግሁበት ጊዜ የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ሰርኪት ኮርቶች በዚያ የጋራ ገጽ ውስጥ አልነበሩም፤ የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። እኔ ግን ባዶውን ገጽ «መዝገቡ የለም» ብዬ ነበር ያነበብኩት። ገጹ ያለው «እኔ ዘንድ የለም» ብቻ ነው። ልዩነቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ስንቱ ሰው በዚያች ባዶ ገጽ ተስፋ ቆርጦ እንደተመለሰ ሳስብ ያንገበግበኛል።

አሌክሳንድሪያ ሄድን። ፍርድ ቤቱ ኪንግ ስትሪት ላይ ነው። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ፓስፖርታቸውን በፌስታል ይዘው፣ ከበሩ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጥቂት ቆም ብለው ገቡ። ለእሳቸው ፍርድ ቤት ማለት የተጣላ ሰው የሚሄድበት ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ የሚቆመው ግን ባለጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤት የሚገዛም፣ ወራሽ የሆነም፣ እንደኛ የቆየ ወረቀት የሚፈልግም እዚያው ይሰለፋል።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ስሙን ፈለገች፤ የለም። 1998ን፣ 1997ን፣ 1999ን አየች፤ የለም። ከዚያ በእጃችን የነበረውን የአድራሻ ወረቀት እንድታይ ጠየቀች። ዓይኗ መጨረሻው መስመር ላይ አረፈ፣ ዚፕ ኮዱ ላይ፤ 22306።

«ይሄ እኮ አሌክሳንድሪያ አይደለም» አለች። «ፌርፋክስ ካውንቲ ነው።»

ስተረጉምላቸው እትዬ ተቆጡ። «እኔ አራት ዓመት የኖርኩበትን አገር እሷ ልትነግረኝ ነው?»

ሴትየዋ ግን ትክክል ነበረች። ቨርጂኒያ ከሌሎቹ ስቴቶች የምትለይበት ነገር አላት፦ 95 ካውንቲዎችና ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ የሆኑ፣ ራሳቸውን የቻሉ 38 ከተሞች። አሌክሳንድሪያ ከተማ ከእነዚህ አንዷ ነች። ፖስታ ቤት ግን የከተማ ወሰን አይከተልም። ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ፣ በሪችመንድ ሃይዌይ ግራና ቀኝ የሚኖረው ብዙ ሕዝብ ፖስታው «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ይመጣለታል፤ የሚኖረው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ግብሩን ለፌርፋክስ ይከፍላል፣ ልጁን የሚያስተምረው በፌርፋክስ ትምህርት ቤት ነው፣ ሲፋታም በፌርፋክስ ፍርድ ቤት ይፋታል። እትዬ አራት ዓመት ሙሉ ኖሬባታለሁ በሚሏት ከተማ ውስጥ አንድም ቀን አልኖሩም።

ይህ መደናገር የቆየ ምክንያት አለው፤ እኔም በኋላ ነው የሰማሁት። በ1700ዎቹ አጋማሽ ላይ አሌክሳንድሪያ የፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት መቀመጫ ነበረች። አገሪቱ አዲስ ዋና ከተማ ስትቆርጥ አሌክሳንድሪያ ወደ ዲሲ ተሰጠች። ፌርፋክስም ፍርድ ቤቱን ይዞ በ1800 ወደ መሀል አገሩ ገባ፤ ዛሬ ፌርፋክስ ከተማ ወዳለችበት። አሌክሳንድሪያ በ1840ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ብትመለስም ከፌርፋክስ ጋር ዳግም አልተዋሐደችም። የከተማዋ ስም በፖስታው ላይ ቀረ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ቦታ ሄደ።

ፌርፋክስ ስንደርስ ከደብዳቤው ቀን 30 ቀን አልፏል። ቼይን ብሪጅ ሮድ ላይ ያለው ሕንፃ ሰፊ ነው፤ ፍተሻ አልፈን፣ ስልክ አጥፍተን ገባን። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሕዝብ ራሱ የሚፈልግባቸው ኮምፒውተሮች አሉ። የእትዬን ስም አስገባሁ። የለም።

አሁን ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። የእሳቸው የአባት ስም በ«ፀ» ይጀምራል። ይህን ድምፅ አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጽፈዋል፣ ሌላው «ቲ»ን ትቶ በ«ኤስ» ብቻ፣ ሌላው «ኤስ»ን ትቶ በ«ቲ» ብቻ፣ ከጣሊያን ወይም ከጀርመን ትምህርት ቤት የወጣው በ«ቲ» እና በ«ዜድ»። ወረቀት አውጥቼ ሁሉንም ጻፍኩ፣ አንድ በአንድ አስገባሁ። ከዚያ ወደ ቀድሞ ባላቸው ዞርኩ። የእሱ የአባት ስም «ገብረ» ብለው ከሚጀምሩት ነው፤ ለምሳሌ ገብረ ሚካኤል እንበል። በአንድ ቃል ጻፍኩት፣ በሁለት ቃል ጻፍኩት፣ «ጂ»ውን በ«ጂ» እና «ኤች» ተካሁት። ምንም የለም። እትዬ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

ዕድሜዋ የገፋ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አየችን። «ከ2006 በፊት ነው?» አለች። አዎ አልኩ። «እንግዲያውስ የምትፈልገው የተሳሳተ ክፍል ውስጥ ነው።»

ነገሩን አስረዳችኝ። ቨርጂኒያ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮቿን በሁለት ከፍላ ነበር የምትይዘው። የገንዘብ ካሳ የሚጠየቅበት ክስ በ«ሎው» ስር፣ ፍቺ፣ ርስት ማካፈልና የመሳሰለው ደግሞ «ቻንሰሪ» በሚባለው ስር ይከፈት ነበር፤ ከጥንቱ የእንግሊዝ ሥርዓት የወረደ አከፋፈል ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2006 ጀምሮ ሁለቱ አንድ ሆኑ። የ1998 ፍቺ ስለዚህ የሚገኘው በቻንሰሪ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም «ሲ ኤች» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። እኔ «ሲ ኤል» የሚሉትን ስገለብጥ ነበር የቆየሁት።

ቀጥላ ስለ ስሙ ጠየቀችኝ። ጻፍኩላት። ወረቀቱን አየት አደረገችና «ገብረ» የሚለውን በጣቷ ሸፍና «ይሄ ሚድል ኔም ቢሆንስ?» አለች።

ለምን እኔ አላሰብኩትም? ለፈረንጅ ቅጽ ስም ማለት ፈርስት፣ ሚድል፣ ላስት ነው። በሁለት ቃል የተጻፈን የአባት ስም ሲያይ የመጀመሪያውን ቃል መሀል ያስገባዋል፣ የመጨረሻውን ላስት ኔም ያደርገዋል። «የሚካኤል አገልጋይ» የሚለው አንድ ስም ለሁለት ተሰንጥቆ አገልጋዩ መሀል ቀረ፣ መልአኩ የቤተሰብ ስም ሆነ። ሠራተኛዋ በሁለተኛው ቃል ብቻ ፈለገች። ብዙ ስም ወጣ። ዓመቱን 1998 ብላ አጠበበችው። ሦስት ቀሩ። ከሦስቱ አንዱ ተቃራኒ ወገን ሆና የተመዘገበች ሴት ነበረችው፤ የአባቷ ስም በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ፣ የራሷ ስም ግን ያለ እንከን።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ እትዬ ቆመው ነበር።

የመዝገብ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈችልን። «ይህችን ቁጥር አትጥሏት» አለች። «ቁጥሩ ካለ የትም ሆናችሁ በፖስታ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የሁለቱን ስም፣ ዓመቱን፣ ቁጥሩን፣ ስንት ግልባጭ እንደምትፈልጉ፣ የተረጋገጠ ግልባጭ መሆኑን ትጽፋላችሁ።» ፋይሉ የቆየና በመጋዘን ከተቀመጡት ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ቀን እንድንጠብቅ ነገረችን።

እትዬ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ይህንን ወረቀት ማንም ሰው መጥቶ ማየት ይችላል?» ተረጎምኩ። ሠራተኛዋ በአብዛኛው አዎ አለች፤ ስለ ጉዲፈቻና ስለ ወጣት ጥፋተኞች ካለው፣ ዳኛም ዝግ እንዲሆን ካዘዘበት በቀር የፍርድ ቤት መዝገብ የሕዝብ ነው። እትዬ ፊታቸው ቀላ። የጓዳቸው ነገር አደባባይ ላይ ተሰጥቶ የኖረ መሰላቸው። እኔም መጀመሪያ ከፋኝ። ነገር ግን መዝገቡ ዝግ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት እኛን፣ ማንነታችንን ሳትጠይቅ፣ ስም በስም አትፈልግልንም ነበር። ያገኘነው በሩ ለማንም ክፍት በመሆኑ ነው።

ፋይሉ እስኪወጣ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ተመልሼ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ለወረቀቱ ነበር፤ አልደረሰም። ግን ፍርድ ቤቱ የታሪክ መዝገብ ክፍል እንዳለው ሰማሁና ጎራ አልኩ። ፌርፋክስ ካውንቲ የተመሠረተው በ1742 ነው፤ መዝገቡም ከዚያ ይጀምራል። እዚያ ነው የጆርጅ ዋሽንግተን ኑዛዜ በዚሁ ፍርድ ቤት እንደሚገኝ ያወቅሁት።

ዋሽንግተን የኖሩበት ማውንት ቨርነን ከሪችመንድ ሃይዌይ፣ እትዬ ከተከራዩበት አፓርታማ ሩቅ አይደለም። እሳቸውም የፌርፋክስ ካውንቲ ነዋሪ ነበሩ። በጁላይ 1799 ኑዛዜያቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ በዲሴምበር አረፉ፤ በጃንዋሪ 1800 ኑዛዜው ለካውንቲው ፍርድ ቤት ቀረበ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ቢሆኑም ወረቀታቸው የሄደው ማንኛውም የካውንቲው ሰው ወረቀት ወደሚሄድበት መስኮት ነው። በኑዛዜው የራሳቸው ንብረት ተብለው የተያዙ 123 ሰዎች ሚስታቸው ማርታ ካረፉ በኋላ ነፃ እንዲወጡ አዘዋል፤ ማርታም ሞታቸውን ሳይጠብቁ በጃንዋሪ 1801 ነፃ አወጧቸው። የነዚያ ሰዎች ነፃነት የተመሠረተው በአንድ ካውንቲ መዝገብ ቤት በተቀመጠ ወረቀት ላይ ነው።

የማርታ ኑዛዜም እዚያው ነበር፤ እስከ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት። በ1862 የሰሜን ወታደሮች ፍርድ ቤቱን ሲይዙ ወረቀቱ ተወሰደ። ከብዙ ዓመት በኋላ የባንክ ባለጸጋው ጄ. ፒ. ሞርጋን ገዝተውት ተገኘ። ቨርጂኒያ ይመለስልኝ ብላ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ከሰሰች፤ በ1915 የሞርጋን ልጅ መለሱት። አንዲት ካውንቲ አንድ ወረቀት ለማስመለስ ከ50 ዓመት በላይ ቆይታ አልረሳችም።

ከሁሉ በላይ ቆሜ ያየሁት ግን የነፃ ጥቁሮች መመዝገቢያ ነው። ከ1793 ጀምሮ በወጡ የቨርጂኒያ ሕጎች ነፃ የሆነ ጥቁር ሰው በፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ መመዝገብ ነበረበት። ፌርፋክስ ከ1822 ጀምሮ ያሉትን ጠብቃለች። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የቆዳ መልክ፣ ፊት ወይም እጅ ላይ ያለ ጠባሳ፣ በማን ኑዛዜ ወይም ከየትኛዋ ነፃ እናት በመወለድ ነፃ እንደሆነ። ሰውየው የዚያን ግልባጭ፣ ማኅተም ያረፈበትን፣ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ወረቀቱ ከጠፋበት ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሶ ሌላ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ካልቻለ ግን ሊታሰር ይችላል። እኛ የቸገረን ወረቀት ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። መስኮቱ ግን ያው መስኮት ነው፣ ጥያቄውም ያው፦ እኔ ማን እንደሆንኩ የሚመሰክር የተረጋገጠ ግልባጭ ስጡኝ።

ስልክ የተደወለልኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። እትዬን ይዤ ሄድኩ።

ፋይሉ ቀጭን ነበር። የባልየው ማመልከቻ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተለያይተው መኖራቸውን የሚገልጽ የምስክር ቃል፣ ከሥሩ ዳኛው በሜይ 1998 የፈረሙበት ውሳኔ፣ ሦስት ገጽ። ቀኑን አየሁት፤ ባድመ ከተያዘች ሳምንት አልሞላትም ነበር። እትዬ ያስታወሱት ማታ፣ በ27 ዓመት ርቀት ላይ ሆኖ፣ በቀኑ ልክ ነበር።

ገጾቹን ሳገላብጥ አንዲት ወረቀት ላይ ቆምኩ። ተቃራኒው ወገን የክሱ መጥሪያ እንደደረሰው ተቀብሎ በኖተሪ ፊት የፈረመበት ወረቀት ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ሁሉ መሀል፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በአማርኛ ፊደል የእትዬ ስም ከነአባታቸው ተፈርሟል። «ፀ»ዋ እንደ ሰርግ ጥሪ ተጽፋለች።

ወረቀቱን አዞርኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ባንክ ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ባንክ ወሰደኝ። ፈርሚ አለኝ፤ የቤት ኪራይ መስሎኝ ነበር። እንግሊዝኛ መች እችል ነበር ያን ጊዜ።» አላለቀሱም። ጣታቸውን ፊርማቸው ላይ አድርገው «እኔ ነኝ» አሉ። በዚያ ፋይል ውስጥ ስማቸው በትክክል የተጻፈው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

ሦስት የተረጋገጠ ግልባጭ ጠየቅን። በቨርጂኒያ ሕግ ለአንድ ገጽ 50 ሳንቲም፣ ለማረጋገጫው 2 ዶላር ነው። ሦስት ገጽ በሦስት፣ ጠቅላላው 10 ዶላር ከ50። ማኅተሙን ሲመቱት እትዬ ድምፁን ሰምተው ዞር አሉ። በነገራችን ላይ የስቴቱ ጤና ጥበቃ በ12 ዶላር የፍቺ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ያም ጠቃሚ ነው፤ ግን ዳኛው የፈረሙበት ውሳኔ እሱ አይደለም። ኢሚግሬሽን ሲጠይቅ ውሳኔውን ስጡ።

ከውሳኔው ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዘን ላክን። ማመልከቻው ላይ ያሉት 1986 እና 1990 በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆኑ፣ በፈረንጆቹ 1993 እና 1998 እንደሚሆኑ፣ የአባታቸው ስም በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ለምን እንደተጻፈ። ፖስታውን ስናስገባ ከ84ቱ ቀን 38 ቀርተውን ነበር። ከወራት በኋላ ባለቤታቸው ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ሲወጡ እኔም ነበርኩ።

አንተም አንቺም፣ ፍቺ ወይም ሌላ የፍርድ ቤት ውሳኔ ኖሯችሁ ወረቀቱ በእጃችሁ ከሌለ፣ ደብዳቤ እስኪመጣባችሁ አትጠብቁ። ያን ጊዜ የኖራችሁበትን ቤት ዚፕ ኮድ አውጡና የየትኛው ካውንቲ እንደሆነ አረጋግጡ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ። የአባታችሁ ስም በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ፣ በተክለ የሚጀምር ከሆነ ሁለተኛውን ቃል ብቻውን አስፈልጉ። መዝገቡ ሲገኝም ሁለት ነገር ጻፉና ለልጆቻችሁ ንገሩ፦ የመዝገብ ቁጥሩን፣ እና ፍርድ ቤቱ ስማችሁን እንዴት አድርጎ እንደጻፈው።